ከጊሼና ከመርሐቤቴ እስከ ታችኛው ሊግ፦ የጾመኛው ተከላካይ እንጀራ

ረመዳን በገባ ቁጥር ኳስ ወዳድ ልጅ ያለበት ቤት አንድ ጥያቄ አያጣም። “ነገ ጨዋታ አለብኝ፤ ልጹም ወይስ ላፍጥር?” ለሰፈር ጨዋታ ከሆነ መልሱ ቀላል ነው፤ ጨዋታው ይቀራል። ኳስ እንጀራው ለሆነ፣ ደመወዙን ጠብቆ ለእናት ለአባቱ ለሚልክ ወጣት ግን ጥያቄው ከአሰልጣኝ፣ ከውል፣ ከጤናና ከዲን ጋር ይያያዛል። በዛሬው የረመዳን ገጻችን የምናነሳው ይህን ወጣት ነው። ስሙ በጋዜጣ የማይወጣውን፣ በቴሌቪዥን የማይታየውን፣ ከክለብ ክለብ እየዞረ በታችኛው ሊግ የሚጫወተውን ተከላካይ።

ለምን ተከላካይ? ያለፉት ዓመታት ታሪክ ራሱ ወደ እርሱ ስለሚመራን ነው። ሚያዝያ 18 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌስተር ሲቲና ክሪስታል ፓላስ በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ሲጫወቱ፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ ላይ የፓላሱ በረኛ ቪሰንቴ ጓይታ ኳሷን ከመምታት ቆየት አለ። በዚያች ቅጽበት የሌስተሩ የመሐል ተከላካይ ዌስሊ ፎፋና ወደ ሜዳው ዳር ሮጦ ጾሙን ፈታ። ፎፋና በማግስቱ ለተቃራኒው ቡድንና ለበረኛው ምስጋና አቀረበ። በ2014 ዓ.ም. ረመዳን ደግሞ በጀርመን ቡንደስሊጋ ዳኛው ጨዋታ አቁሞ የማይንዙ ተከላካይ ሙሳ ኒያካቴ ውኃ እንዲቀምስ አደረገ። ከአራት ቀን በኋላ ለላይፕዚጉ ተከላካይ መሐመድ ሲማካን ተመሳሳይ ፈቃድ ተሰጠ። በ2015 ዓ.ም. የእንግሊዝ ዳኞች በመግሪብ ሰዓት ለጾመኞች አጭር እረፍት እንዲሰጡ መመሪያ ወረደላቸው። በዚያው ረመዳን የፈረንሳይ ፌዴሬሽን ጨዋታ ለኢፍጣር እንዳይቋረጥ አሳሰበ፤ የናንቱ ተከላካይ ጃውን ሃጃምም በጨዋታ ቀን ጾሙን አልፈታም በማለቱ ከቡድኑ ውጭ ሆነ።

አራቱም ተከላካዮች ናቸው። አጋጣሚ ነው ልንል እንችላለን። ያም ሆኖ የተከላካይ ሥራና ጾም አንድ የሚመሳሰሉበት ነገር አለ። አጥቂ በሚያገባው ግብ ይቆጠራል። የተከላካይ ሥራ ግን ባልሆነው ነገር ይለካል፤ ባልገባው ግብ፣ ባላለፈው ኳስ። ጾመኛም እንዲሁ ነው። ያልበላው፣ ያልጠጣው፣ ያልተናገረው ለሰው ዓይን አይታይም፤ አላህ ብቻ ያውቀዋል።

ከደጋው ሜዳ

ወደ አገራችን እንመለስ። በሰሜን ሸዋ ከጊሼ ራቤል፣ ከመንዝና ከመርሐቤቴ ደጋዎች ለሚነሳ ልጅ ኳስ የሚጀምረው ከእረኝነት ጋር ነው። መንዝ በበጉና በገብሱ የታወቀ ነው፤ ልጁ በጎቹን አሰማርቶ የጨርቅ ኳስ ይመታል። ሜዳው ተዳፋት ነው፣ ነፋሱም ኃይለኛ ነው። በራቤል ዙሪያ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተጎራብቶ ስለሚኖር ቡድኑ ድሮውንም የተቀላቀለ ነው።

ቀጣዩ ደረጃ የትምህርት ቤቶች ውድድር ነው፤ ከዚያ ወረዳ፣ ከዚያ ዞን። የዞኑ ከተማ ደብረ ብርሃን ስለሆነ የመንዙም፣ የጊሼውም፣ ጀማን ተሻግሮ ከዓለም ከተማ የሚመጣው የመርሐቤቴ ልጅም የሚገናኙት እዚያ ነው። ታኬታ ጫማ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ በዚህ ደረጃ ላይ ሲደርስ ነው፤ ያውም ተውሶ። ረዘም ያለና በጭንቅላቱ የሚመታ ከሆነ አሰልጣኙ ወደ ኋላ ይወስደዋል፤ “አንተ ተከላካይ ነህ” ይለዋል።

ከዚያ በላይ ያለው መሰላል ሦስት ትልልቅ ደረጃ አለው። ከላይ ፕሪምየር ሊጉ፣ ቀጥሎ ከፍተኛ ሊጉ፣ ከሥሩ አንደኛ ሊጉ ነው። ደብረ ብርሃን ከተማን፣ ደሴ ከተማንና ኮምቦልቻ ከተማን የመሳሰሉ የክልሉ ክለቦች በእነዚህ በታችኞቹ እርከኖች ተጫውተዋል። ወልዲያ ወደ ላይ ወጥቶ ፕሪምየር ሊግን ቀምሶ ተመልሷል። ተከላካያችን የሚኖረው በእነዚህ መካከል ነው። አንድ ዓመት እዚህ፣ አንድ ዓመት እዚያ። ውሉ አጭር ነው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር መልቀቂያውን ይዞ ለሙከራ ይሄዳል።

ከክለብ ክለብ መዞር ነውር አይደለም

ወላጆች ይህን ሲያዩ “ልጄ አንድ ቦታ አይረጋም” ብለው ይጨነቃሉ። ለተከላካይ ግን መዞር የሥራው አንድ ክፍል ነው። የአልጄሪያ ብሔራዊ ቡድን አምበል የነበረውን ማጂድ ቡገራን እንመልከት። በፈረንሳይ ተወልዶ በዚያው ሁለተኛ ዲቪዚዮን ላይ በጓኞን ክለብ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2006 በውሰት ወደ እንግሊዙ ክሩ አሌክሳንድራ ሄደ፤ ክለቡ በዚያው ዓመት ወደ ሦስተኛው እርከን ወረደ። ከዚያ ሼፊልድ ዌንስዴይ፣ ከዚያ ቻርልተን ገባ። ስኮትላንድ ደርሶ ከሬንጀርስ ጋር ሦስት የሊግ ዋንጫ ያነሳው ይህን ሁሉ ከዞረ በኋላ ነው። በኋላም የአገሩ አምበል ሆኖ የዓለም ዋንጫ ተጫወተ።

ከእኛም ዋሊድ አታ አለ። እ.ኤ.አ. በ1986 ሪያድ ተወልዶ በስዊድን ያደገው ይህ የመሐል ተከላካይ እ.ኤ.አ. በ2009 ከኤ.አይ.ኬ. ጋር የስዊድንን ሊግና ዋንጫ አንድ ላይ አሸነፈ። ወደ ክሮኤሺያው ዲናሞ ዛግሬብ ሄደ፤ ተመልሶ በስዊድን ለሄልሲንግቦርግና ለሄከን ተጫወተ፤ ቱርክና ሳዑዲ ዓረቢያም ሠራ። በመካከሉ በ2006 እና በ2007 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ማሊያ ለበሰ። የእርሱ ደረጃ ከታችኛው ሊግ ከፍ ያለ ቢሆንም የሕይወቱ አካሄድ ያው ነው፤ ሻንጣ አዘጋጅቶ መጠበቅ።

ልዩነቱ ገንዘቡ ላይ ነው። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ፌዴሬሽኑና ክለቦች የተጫዋች የወር ደመወዝ ጣሪያ 50 ሺህ ብር እንዲሆን ሲስማሙ ብዙ ተወርቶ ነበር። የታችኛው ሊግ ተከላካይ ግን ያሳሰበው ጣሪያው አልነበረም። የእርሱ ጭንቀት ደመወዙ በወሩ መግባቱ ነው። አብዛኞቹ ክለቦች የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደር በጀት ስለሆነ፣ በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚዘገየው የተጫዋች ክፍያ ነው። ረመዳን ደግሞ ወጪ የሚበዛበት ወር ነው። ቤት ያሉት ለኢድ ልብስና ለዘካተል ፊጥር የእርሱን እጅ ይጠብቃሉ።

ስለዚህ ልጅ ሲፈርም ቤተሰብ ሊጠይቅ የሚገባው ነገር አለ። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ አንድ ቅጂ ቤት ይቀመጥ፤ በፌዴሬሽን መመዝገቡ ይረጋገጥ። ሲጎዳ ሕክምናውን ማን እንደሚከፍል በውሉ ይግባ። በፊፋ የተጫዋቾች ደንብ መሠረት ክለብ የሁለት ወር ደመወዝ ካልከፈለ፣ ተጫዋቹ በጽሑፍ ቢያንስ የ15 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን በሕጋዊ ምክንያት ማቋረጥ ይችላል። ይህን የማያውቅ ወጣት ወይ ዝም ብሎ ይከርማል፣ ወይ ያለ ወረቀት ካምፑን ጥሎ ወጥቶ ራሱ ጥፋተኛ ይሆናል።

ካምፕ ውስጥ መጾም

ጾሙን እንመልከት። የእኛ የውድድር ዘመን ከመስከረምና ጥቅምት ጀምሮ እስከ ክረምት መግቢያ ስለሚዘልቅ፣ በእነዚህ ዓመታት ረመዳን የሚውለው ሊጉ በተፋፋመበት ጊዜ ነው። የጾሙ ርዝመት በአገራችን ከፈጅር እስከ መግሪብ 13 ሰዓት አለፍ ያለ ነው። በስዊድን በበጋቸው የሚጫወት ጾመኛ 18 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይቆያል፤ በዚህ በኩል ለእኛ ቀሎልናል።

ፈተናው የጨዋታው ሰዓት ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት የሚጀመር ጨዋታ 12 ሰዓት ሊሞላ ሲል ያልቃል፤ ገላውን ታጥቦ ሲጨርስ አዛን ይደርሳል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የሚጫወት ግን ሱሁሩ ገና ከሆዱ ስላልጠፋ ሩጫው ላይከብደው ይችላል፤ የሚከብደው ከዚያ በኋላ ነው። ላቡን አፍስሶ ውኃ ሳይቀምስ ሰባት ስምንት ሰዓት ይጠብቃል።

የደጋው ብርድም ያታልላል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር ከፍ ይላል፤ የመንዝ ከፍታ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። በብርድ ሰው ጥም እምብዛም አይሰማውም። ይሁንና አየሩ ደረቅ ስለሆነ በትንፋሽ ብቻ ብዙ ውኃ ይወጣል። ስለዚህ ደጋ ላይ የሚጫወት ጾመኛ “አልጠማኝም” ብሎ መዘናጋት የለበትም። ከኢፍጣር እስከ ሱሁር ባለው ጊዜ ውኃውን በአንዴ ሳይሆን ቀስ በቀስ ይጠጣ። ሱሁሩን ያዘግይ፤ ሱናውም ይኸው ነው። ገብስና አጃ የሚበቅልበት አገር ልጅ ምን ልብላ ብሎ አይቸገርም፦ የአጃ ሾርባና ተምር ለኢፍጣር፣ ሆድ የሚይዝ ገንፎ ወይም እንጀራ ከወተትና ከእንቁላል ጋር ለሱሁር። ጨው የበዛበት ምግብና ቡና በሱሁር ሰዓት ባይበዛ ይመረጣል። ተራዊህ ሰግዶ ለሱሁር የሚነሳ ሰው እንቅልፉ ስለሚቆራረጥ ቀን ላይ አንድ ሰዓት ቢተኛ ብዙ ይጠቅመዋል። ራሱን ካዞረው፣ ሽንቱ ከጠቆረ ወይም ጡንቻው ከተሸማቀቀ ደብቆ መጫወት የለበትም፤ ለቡድኑ ወጌሻና ሐኪም ይንገር።

የካምፕ ኑሮ ሌላም ገጽ አለው። በ2016 ዓ.ም. ረመዳንና ዐቢይ ጾም በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2 ገቡ። ከዚያ ወዲህም ሁለቱ ጾሞች እየተደራረቡ ነው። አንድ ክፍል የሚያድሩ ተጫዋቾች አንዱ የመግሪብን አዛን፣ ሌላው የቅዳሴውን መውጫ ይጠብቃል። ማእድ ቤቱ ለሁሉም ማሰብ አለበት። ተከላካዩ በዓመቱ መጀመሪያ ለአሰልጣኙ በግልጽ “እጾማለሁ፤ ሱሁርና ኢፍጣር እንዲህ ቢመቻችልኝ” ብሎ ቢነግር፣ በጨዋታው ዕለት ከሚነሳ ጭቅጭቅ ይሻላል። በ2006 ዓ.ም. የአልጄሪያ ቡድን በረመዳን ከጀርመን ጋር ለዓለም ዋንጫ ጥሎ ማለፍ ሲጫወት አሰልጣኙ ቫሂድ ሃሊልሆዢች ማን እንደሚጾም ለጋዜጠኞች አልተናገረም፤ ውሳኔውን ለተጫዋቾቹ ተወው። ቡድኑ መደበኛውን 90 ደቂቃ ግብ ሳይቆጠርበት ጨረሰ፤ 2 ለ 1 የተሸነፈው በጭማሪ ሰዓት ነበር።

መንገደኛ ነው ወይስ ነዋሪ?

ቁርአን በአል-በቀራ ምዕራፍ አንቀጽ 185 ለታመመና ለመንገደኛ አፍጥሮ በሌላ ቀን መቁጠርን ፈቅዷል። ታዲያ ከክለቡ ጋር ወደ ሌላ ከተማ የሄደ ተከላካይ ሙሳፊር ነው? በጉዞው ዕለትማ ርቀቱ ከሞላ ነው። ነገር ግን አሁን ብዙ ውድድሮች ክለቦችን በአንድ ከተማ ሰብስበው ለሳምንታት ስለሚካሄዱ ጉዳዩ ይለያል። በሻፊዒ መዝሀብ አንድ ቦታ፣ መግቢያና መውጫውን ሳይጨምር፣ አራት ቀን ለመቆየት የወሰነ ሰው ነዋሪ ይባላል። በሐነፊ ደግሞ ገደቡ 15 ቀን ነው። ስለዚህ ለወር ካምፕ የገባ ልጅ “መንገደኛ ነኝ” ብሎ ወሩን ሙሉ ማፍጠር አይችልም። ከመሄዱ በፊት የመዝሀቡን ኡስታዝ ይጠይቅ፤ ያፈጠረው ካለም ቀዷውን በማስታወሻ ይያዝ። ዓመቱ ሲዞር ስንት ቀን እንደነበር የሚረሳ ብዙ ነው።

ከኳስ በኋላ

የተከላካይ ዕድሜ ከአጥቂ ትንሽ ቢረዝምም ከሠላሳዎቹ አጋማሽ እምብዛም አያልፍም። ጉልበት ከተጎዳ ደግሞ በሃያዎቹም ያበቃል። ስለዚህ በታችኛው ሊግ ለሚጫወት ልጅ ቤተሰቡ ሊያደርግለት ከሚችለው ሁሉ የሚበልጠው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ትምህርቱን እንዳያቋርጥ መገፋፋት፤ በማታም በርቀትም ቢሆን። ሁለተኛው የሚልከውን ገንዘብ ሁሉ አለመጨረስ። ከፊርማው ገንዘብ ጥቂት በጎች ተገዝተው በመንዝ ወይም በጊሼ ቢረቡለት፣ ኳስ ሲያቆም መመለሻ ይሆኑታል። የአሰልጣኝነት ወይም የዳኝነት ኮርስ መውሰድም በሜዳው አካባቢ እንዲቆይ ያደርገዋል።

በዚህ ረመዳን ከቤታችሁ ርቆ በካምፕ ያለ ልጅ ካላችሁ፣ ከኢፍጣር በኋላ ደውሉለት። “አሸነፋችሁ ወይ?” ከማለታችሁ በፊት “ሱሁር በላህ ወይ? ደመወዝ ገባ ወይ? እግርህ እንዴት ነው?” በሉት። ግብ ላላገባ፣ ስሙ ላልተጠራ ተከላካይ ይህን የሚጠይቀው ቤተሰቡ ብቻ ነው። አላህ ጾማችንን ይቀበለን፤ በሰላም ለኢድ ያድርሰን።