ክኒኑ ወይስ ቅጠሉ?

እናንተዬ፣ የደም ካንሰር ሲባል “አለቀለት!” ማለቱን መቼ ነው የምንተወው? አንዲት የማውቃት ወጣት ሲኤምኤል የሚባለው የደም ካንሰር አለባት። በየቀኑ ኢማቲኒብ ትውጣለች። ደህና ስትሆን አክስቷ መጡና “ይሄ ክኒን ይብቃሽ፤ ይቺን ቅጠል ቀቅለሽ ጠጪ” አሏት። ግራ ቢገባት እኔን ጠየቀችኝ።

ቅጠል ሁሉ ከንቱ ነው አልልም። ለሌላ ዓይነት የደም ካንሰር የሚሰጠው ቪንክርስቲን የተገኘው ከማዳጋስካር አበባ ነው። እሱ ግን ተጣርቶ፣ ተመርምሮ፣ ተመጥኖ ነው የሚሰጠው። የአክስትሽን ቅጠል መጠን ማን ያውቃል? አንዳንድ ዕፅ ደግሞ ክኒኑን ከሰውነት ቶሎ አስወጥቶ ኃይሉን ያሳጣዋል።

ኢማቲኒብ በ2001 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ከተፈቀደ ወዲህ ብዙ የሲኤምኤል ሕመምተኞች ተምረው፣ ሠርተው፣ ለዓመታት እየኖሩ ነው። ደህና ነኝ ማለት ግን ድኛለሁ ማለት አይደለም። በሽታው ምንም ሳያሳምም ደም ውስጥ ሊያደባ ይችላል፤ የሚያጋልጠው የደም ምርመራ ነው።

ስለዚህ እህቴ፣ ጸበልሽን ተጠመቂ፤ ማንም አይከለክልሽም። ቅጠሉን ግን ሳትቀምሺው ለሐኪምሽ አሳዪው። ክኒኑንም ሐኪምሽ ሳይልሽ እንዳታቋርጪ። ለአክስትሽም “እሺ፣ ዶክተሬን ልጠይቅ” በያቸው፤ አይቀየሙሽም።