ያውቁ ኖሯል?
ከሔግ እስከ ኦሙጉሉግዎምባሼ

የናሚቢያ የነፃነት ጦርነት የመጀመሪያ ውጊያ የተካሄደው ኢትዮጵያ በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት የመሠረተችው ክስ ውድቅ በተደረገ በ39ኛው ቀን መሆኑን ያውቁ ኖሯል?

ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ናሚቢያን ይዛ አልለቅም ያለችውን ደቡብ አፍሪካን የከሰሱት በ1953 ዓ.ም. ነበር። የመክሰስ መብት ያስገኘላቸው የቀድሞው የመንግሥታት ማኅበር አባልነታቸው ነው፤ ያው ጃንሆይ በ1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ አቤት ብለው ሰሚ ያጡበት ማኅበር መሆኑ ነው። ዳኞቹ ሰባት ለሰባት ተከፈሉ። የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ድምፅ ሚዛኑን ደፋውና ሐምሌ 11 ቀን 1958 ዓ.ም. ዋናው ጭብጥ ሳይታይ መዝገቡ ተዘጋ። የናሚቢያ የነፃነት ንቅናቄ የሆነው ስዋፖ በዚያው ዕለት ከዳሬሰላም ወደ ትጥቅ ትግል መግባቱን አስታወቀ።

ነሐሴ 20 ቀን የደቡብ አፍሪካ ኃይሎች በሄሊኮፕተር መጥተው በሰሜን ናሚቢያ ኦሙጉሉግዎምባሼ በተባለ ስፍራ ጫካ ውስጥ የነበረውን የስዋፖ ሰፈር ወረሩ። የተዋጊዎቹ አዛዥ ጆን ያ ኦቶ ናንኩዱ ነበሩ። ዕለቱ ዛሬ በናሚቢያ የጀግኖች ቀን ተብሎ ይከበራል፤ ነፃነቱ ግን እስከ መጋቢት 1982 ዓ.ም. አልመጣም።

ናንኩዱን ጨምሮ 37 ናሚቢያውያን ፕሪቶሪያ ላይ ለፍርድ ቀረቡ። የተከሰሱበት የሽብር ሕግ የወጣው ከውጊያው በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ሲሆን ወደ ኋላ ተመልሶ ከ1962 ጀምሮ እንዲሠራ ተደርጎ ነበር።