ርካሽ ፈረስ፣ ውድ ቀለብ

ለጋሪ ሥራ ፈረስ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። መቅደም ያለበት ግን የዕድሜው ጥያቄ ነው። የግዢው ገንዘብ የሚካፈለው ፈረሱ ገና ሊሠራ ለሚችልባቸው ዓመታት ነውና።

ፈረስ በጥሩ አያያዝ ከ25 እስከ 30 ዓመት ይኖራል። ዕድሜው የሚገመተው በጥርሱ ነው። 5 ዓመት ሲሞላው የፊት ጥርሶቹ በሙሉ ተተክተው ያበቃሉ። በ10 ዓመቱ ገደማ በላይኛው የዳር የፊት ጥርስ ላይ ከድዱ ሥር አንዲት ጭረት ብቅ ትላለች፤ በ15 ዓመት እስከ ጥርሱ አጋማሽ፣ በ20 እስከ ጫፉ ትወርዳለች። ጥርስን ቦርቡሮና አቃጥሎ ፈረሱን ወጣት ማስመሰል በዚህ ንግድ የቆየ ማጭበርበር በመሆኑ፣ የሻጭ ቃል ብቻውን አይበቃም።

እርጅና ፈረስን ከሁሉ በፊት የሚጎዳው በአፉ በኩል ነው። ጥርሱ በየዓመቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ከድዱ እየወጣ፣ በማኘክም ያንኑ ያህል እየተበላ ይኖራል። ሥሩ ሲያልቅ መንጋጋው ይነቃነቃል፣ ይወልቃል። ጭድ ማድቀቅ ያቃተው ፈረስ ቀለብ ቢጨመርለትም ይከሳል፤ ያልላመው ጭድ አንጀቱን ከደፈነውም በቁርጠት ሊሞት ይችላል። በመሆኑም ሣሩን አላምጦ የሚተፋ ወይም ፋንድያው ውስጥ ያልተፈጨ ገብስ የሚታይበት ፈረስ ሲያጋጥም ገዢው ይጠንቀቅ።

ቀጥሎ የሚደክመው እግሩ ነው። መገጣጠሚያው ስለሚታመም ጠዋት ሲነሳ ያነክሳል። 20 ዓመት ያለፈው ፈረስ ደግሞ የሰውነቱን ሙቀት ለማስወጣት ስለሚቸገር በቀትር ሥራ ቶሎ ይዝላል።

ይህ ሲባል ግን ያረጀ ፈረስ ሁሉ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። በዓመት አንድ ጊዜ የሾለ መንጋጋውን በሐኪም የሚያስሞርድ፣ በጭድ ፋንታ በውሃ የራሰ መኖና ለስላሳ ሣር የሚሰጥ፣ ጭነት ቀንሶ ፀሐይ ሳይከር የሚያሠራ ባለጋሪ ተጨማሪ የሥራ ዓመታት ሊያገኝ ይችላል። ይህን ያላደረገው ከስቶ ሥራ ያቆመውን እንስሳ አስፋልት ዳር ይለቀዋል። ፈረሱ ለመኪናና ለጅብ፣ ባለቤቱም ለሌላ ግዢ ይዳረጋል።

ስለዚህ ገንዘብ ከመቁጠር በፊት ፈረሱን ለእንስሳት ሐኪም ማሳየት ይበጃል። ለቢሾፍቱና ለአካባቢው ገዢ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ቅርብ ነው፤ ሌላውም በየወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ ይጠይቅ። ከደላላው ምላስ የፈረሱ ጥርስ ይታመናል።