በፊት ላይ የማይለቅ ቀይ ሽፍታ፦ ከቅባቱ በፊት

ፊት ላይ ወጥቶ ለሳምንታት የሚያሳክክ ቀይ ሽፍታ ሲያጋጥመን ብዙዎቻችን ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን ገዝተን እንቀባለን። ማሳከኩ በጥቂት ቀናት ይበርዳል፤ ቅላቱም ይደበዝዛል። አሳሳቹ ይኸው እፎይታ ነው። ሕመሙ ችፌ ቢሆን የስቴሮይድ ቅባት በልኩ ይረዳል (እነዚህ ሁለቱ ግን ለፊት ቆዳ እጅግ ብርቱ ናቸው)። ጭርት ከሆነ ግን ቅባቱ የቆዳውን መከላከያ ስለሚያዳክም ፈንገሱ ያለ ከልካይ ይስፋፋል፤ መለያው የሆነው ቅርፊታም ቀለበት ስለሚደበዝዝም ሐኪም እንኳ ይስተዋል። አይቭና ማርክስ በ1968 እ.ኤ.አ. «ቲኒያ ኢንኮግኒቶ»፣ ማለትም ማንነቱን የሸሸገ ጭርት፣ ብለው የጻፉለት ይህንኑ ነው።

ምርመራው ውድ አይደለም፤ ከሽፍታው ጠርዝ ቅርፊት ፍቆ፣ በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ አርሶ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። ፈንገስ ከታየ ስቴሮይዱ ይቆማል፤ ፀረ ፈንገስ መድኃኒት ይጀመራል። ስቴሮይዱ ሲቆም ቅላቱ ለጊዜው ሊብስ ይችላል፤ ይህ አስቀድሞ ያልተነገረው ታካሚ ወደ ቀድሞው ቅባት ይመለሳል።

ተማሪዎቼን ዘወትር የማሳስበው በአጠያየቃቸው ላይ ነው። «መድኃኒት ይወስዳሉ?» ሲባል ታካሚው «የለም» ይላል፤ ቅባትን ከመድኃኒት የሚቆጥር ጥቂት ነውና። «ፊትዎን ምን ይቀባሉ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ዕቃውንም ይዞ እንዲመጣ ንገሩት። ፊትን ያቀላሉ ተብለው ከሚሸጡት ቅባቶች አንዳንዶቹ ስቴሮይድ አለባቸው።