ቀይና ሰማያዊው ካርታ የሚሸፍነው ሕዝብ

በአሜሪካ የምርጫ ምሽት የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ትልቅ ካርታ ይዘረጋሉ። ሪፐብሊካኖች ያሸነፉበት ግዛት ቀይ፣ ዴሞክራቶች ያሸነፉበት ሰማያዊ ይቀባል። ይህን ከሩቅ ሆኖ በሳተላይት የሚከታተል ተመልካች ጎረቤት ከጎረቤት ሳይሆን ግዛት ከግዛት የተጣላ ይመስለዋል። ለመሆኑ እውነቱ እንዲያ ነውን?

ቀለሞቹ ራሳቸው ብዙ ዕድሜ የላቸውም። ቀድሞ እያንዳንዱ ጣቢያ የመሰለውን ቀለም ይመርጥ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1980 ኤንቢሲ የሮናልድ ሬገንን ድል ያሳየው በሰማያዊ ነው። የዛሬው አከፋፈል የጸናው በ2000ው የቡሽና የጎር ምርጫ ሲሆን፣ የፍሎሪዳ ክርክር ከአንድ ወር በላይ በመዝለቁ ካርታው ከመስኮቱ አልጠፋም። በመጨረሻ ልዩነቱ 537 ድምፅ ብቻ ሆኖ ሳለ ፍሎሪዳ ሙሉ በሙሉ ቀይ ተቀባች።

ከሜይንና ከነብራስካ በቀር በሌሎቹ ግዛቶች አብላጫ ድምፅ ያገኘ እጩ የግዛቱን ወኪል መራጮች በሙሉ ይወስዳል። ስለዚህ ካርታው ስለ ወኪሎቹ እውነት ቢናገርም ስለ ሕዝቡ ግን አይናገርም። በ2020 «ሰማያዊ» በምትባለው ካሊፎርኒያ ዶናልድ ትራምፕ ከ6 ሚሊዮን በላይ ድምፅ አግኝተዋል፤ ይህም «ቀይ» በምትባለው ቴክሳስ ካገኙት ይበልጣል! በቴክሳስም ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ጆ ባይደንን መርጠዋል። ድምፅ ያልሰጠው ሲሶ ያህል ሕዝብ ደግሞ ቀለም የለውም።

የሙስሊሙም ጉዳይ ከዚህ አይለይም። ነዋሪዎቿ በብዛት ዐረቦች የሆኑባት፣ በሚሺጋን የምትገኘው ዲርቦርን ከተማ በ2024 ምርጫ የዘጋቢዎች መናኸሪያ ሆና ነበር። «የሙስሊሙ ድምፅ» ሲባል አንድ ሰው የሚናገር ይመስል ነበር። ውጤቱ ሲታይ ግን የከተማይቱ ድምፅ ለሦስት ተከፍሏል፤ ትራምፕ 42፣ ካማላ ሃሪስ 36፣ ጂል ስታይን 18 በመቶ ያህል አገኙ። በአንድ መስጊድ ጎን ለጎን የሚሰግዱ ሰዎች የተለያየ እጩ መርጠዋል ማለት ነው።

ዜና ለምን እንዲህ ያቀርባል? ጊዜው አጭር ነው፤ ጠብም ዓይን ይስባል። ዘጋቢው ጎዳና ወጥቶ ብዙዎችን ቢያነጋግርም ለስርጭት የሚመቸው አምርሮ የተናገረው ነው። «እዚህ ላይ እስማማለሁ፣ እዚያ ላይ አልስማማም» ያለው ይቀራል። «ሞር ኢን ኮመን» የተባለው ድርጅት በ2019 ባወጣው ጥናት፣ የሁለቱ ፓርቲዎች ደጋፊዎች በተቃራኒው ወገን ያሉትን አክራሪዎች ከእውነተኛው ቁጥር እጥፍ ያህል አድርገው እንደሚገምቱ ተገልጿል።

ውድ ወላጆች! ልጆቻችን ዜና ሲያዩ እንዲጠይቁ እናለማምዳቸው፦ ስንት ሰው ተጠየቀ? ማንስ ሳይቀርብ ቀረ? «ሕዝቡ» የተባለው ማን ነው? ወሬን ማጣራት በሱረቱል ሑጁራት የታዘዝነው ነውና፣ ያላገኘነውን ጎረቤት በቴሌቪዥን ቀለም አንፍረድበት።