የእርዳታ ገጾች አድራሻ እንዴት ይቀረጻል?

የአንድ ድረ ገጽ የእርዳታ ጽሑፎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው አድራሻ ማለትም ዩአርኤል አላቸው። በአድራሻው ውስጥ ከዶሜይኑ ስም በኋላ በእዝባር እየተከፋፈለ የሚሄደው ክፍል ዱካ ይባላል፤ የድረ ገጹ ባለቤት እንደ ፍላጎቱ የሚቀርጸውም በዋናነት ይህንኑ ነው። ብዙ ሲስተሞች ካልተነገራቸው «/ጽሑፍ/4821» የሚመስል ቁጥር ብቻ ይሰጣሉ። «/እርዳታ/የይለፍ-ቃል-መቀየር» የሚል ዱካ ግን ገጹ ሳይከፈት ጉዳዩን ይናገራል፤ ሊንኩ በቴሌግራም የደረሰው ሰው ምን እንደሚከፍት አስቀድሞ ያውቃል።

የእርዳታ ክፍሉ የሚሠራው በኪራይ አገልግሎት ከሆነ የድርጅቱ ዶሜይን ንዑስ ስም ይወጣለትና በዲኤንኤስ መዝገብ ላይ «ሲኔም» በተባለ መስመር ወደ አገልግሎት ሰጪው ይመራል። የደኅንነት ሰርተፊኬቱ ይህን አዲስ ስም ካላካተተ ግን ብሮውዘሩ ጎብኚውን በማስጠንቀቂያ ያስቆመዋል።

ከባዱ ውሳኔ በዱካው ውስጥ ምን ይግባ የሚለው ነው። የመጀመሪያው ሐሳብ አብዛኛውን ጊዜ የምድብ ስም ማስገባት ይሆናል፦ «/እርዳታ/ክፍያ/ደረሰኝ-ማውጣት»። ጽሑፉ ከዓመት በኋላ ከ«ክፍያ» ወደ ሌላ ምድብ ሲዛወር አድራሻው ይለወጣል። የቀድሞው ሊንክ ግን ለደንበኞች በተላኩ ኢሜይሎችና በታተሙ መመሪያዎች ውስጥ እንዳለ ይቀራል፤ እነዚያን ማንም ሰብስቦ ሊያርማቸው አይችልም። የድሩ ፈጣሪ ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው ጽሑፍ የደራሲ ስም፣ የርዕሰ ጉዳይ ምድብና የፋይል ዓይነት በአድራሻ ውስጥ እንዳይገቡ የመከረው ሁሉም ከጊዜ ጋር ስለሚለዋወጡ ነው። ምድብ ለገጹ ማውጫ ይጠቅማል፤ በአድራሻው ውስጥ ባይገባ ይሻላል።

ዜንዴስክ የተባለው የእርዳታ ሶፍትዌር ቁጥርንና ቃላትን ያጣምራል። ዱካው ላይ የቋንቋ መለያ፣ የጽሑፉ ቁጥርና ከርዕሱ የተወሰዱ ቃላት ይሰለፋሉ። ሲስተሙ ገጹን የሚያገኘው በቁጥሩ ስለሆነ ርዕሱ ቢታረምም የቆየው ሊንክ መሥራቱን ይቀጥላል። የአንድ ጽሑፍ ትርጉሞችም ቁጥራቸው አንድ ሆኖ በቋንቋ መለያው ብቻ ይለያያሉ።

በአማርኛ ለሚጽፍ ድረ ገጽ የራሱ የሆነ ጣጣ አለ። ብሮውዘሮች የግእዝ ፊደልን በአግባቡ ያሳያሉ፤ ይሁንና በዩቲኤፍ-8 አንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፣ እያንዳንዱ ባይትም በአድራሻ ውስጥ የፐርሰንት ምልክትና ሁለት ተከታይ ምልክቶች ሆኖ ይጻፋል። ስለዚህ «ቡና» የምትለው ባለ ሁለት ፊደል ቃል ኮፒ ተደርጋ ሌላ ቦታ ስትለጠፍ 18 ምልክት ልትሆን ትችላለች። የበለጠ የሚያሳስበው ሞክሼ ፊደል ነው። «ሂሳብ» እና «ሒሳብ» ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለሰርቨሩ ግን ሁለት የተለያዩ አድራሻዎች ናቸው። አንዱን አጻጻፍ መርጦ ሌላውን ወደተመረጠው ማዛወር ያስፈልጋል። ቃሉን በላቲን ፊደል መጻፍም መፍትሔ የሚሆነው ሁሉም ጸሐፊዎች የሚከተሉት አንድ የአጻጻፍ ደንብ ካለ ብቻ ነው። በላቲን ከተጻፈ ደግሞ ሁሉም በትንንሽ ሆሄያት ይሁን፤ ከዶሜይኑ ቀጥሎ ባለው ክፍል ብዙ ሰርቨሮች ትልቁንና ትንሹን ሆሄ ይለያሉ። ቃላትን ለመለየት ጉግል የሚመክረው ጭረትን ነው።

አድራሻ መለወጥ ግድ ሲሆን ከአሮጌው ወደ አዲሱ 301 የተባለው የቋሚ ማዛወሪያ ኮድ ይተከላል፤ 302 ለጊዜያዊ ለውጥ ነው። ጉግል ማዛወሪያው ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲቆይ ይመክራል፤ ለእርዳታ ገጽ ግን ከዚያም በላይ ማቆየት ተገቢ ነው። ሁለተኛ ለውጥ ከመጣ የመጀመሪያው አድራሻ በመካከለኛው በኩል ሳይዞር በቀጥታ ወደ መጨረሻው ይመራ። ምትክ የሌለውን የተሰረዘ ጽሑፍ ወደ መነሻ ገጽ መላክ እርዳታ ፈላጊውን ያደናግረዋል፤ ገጹ እንደሌለ የሚናገረውን 404 ወይም 410 ኮድ መልሶ ከገጹ ላይ የመፈለጊያ ሳጥን ማኖር ይበጃል። ለውጡ ከተደረገ በኋላ ባሉት ሳምንታት የሰርቨሩን መዝገብ ከፍቶ 404 የተመለሰላቸውን ጥያቄዎች ማየት የተዘነጉትን አሮጌ አድራሻዎች አንድ በአንድ ያወጣል።