የሳተላይት ዓይን ለምን ይደበዝዛል?

የአገራችን የመጀመሪያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ወደ ሕዋ መምጠቋን ታስታውሳላችሁ። ሥራዋ እርሻን፣ ደንንና ውሃን ከላይ ሆና ፎቶ ማንሣት ነበር፤ ፎቶዎቹን የሚቀበለው ጣቢያም እንጦጦ ላይ ተተክሎ ነበር።

ስለዚሁ ስንጫወት አንድ የሀደሮ ልጅ፣ «እዚያ አቧራ የለ፣ ጭቃ የለ፤ ታዲያ የካሜራውን ሌንስ ምን ያደበዝዘዋል?» አለን። ሳቅንበት። መልሱን ግን ማናችንም አላወቅነውም ነበርና ፈለግነው።

የሚያደበዝዘው ጨረር ነው። ከፀሐይና ከሩቅ ሕዋ ፕሮቶንና ኤሌክትሮን በከፍተኛ ፍጥነት ይወረወራሉ። እኛን አየሩና የመሬት መግነጢስ ይከልሉናል። ሳተላይት ግን ከአየሩ በላይ ነው፤ ያውም መሬትን እንደ መቀነት የከበቡ፣ በ1958 እ.ኤ.አ. የታወቁ የጨረር ቀበቶዎች አሉ።

ጨረሩ ሌንሱ ውስጥ ሲገባ ከአተሞች ላይ ኤሌክትሮን ያፈናቅላል። አብዛኞቹ ወዲያው ይመለሳሉ። አንዳንዶቹ ግን፣ ዝናብ ካባራ በኋላ ጉድጓድ ውስጥ እንደሚቀር ውሃ፣ በመስተዋቱ ጉድለት ውስጥ ተይዘው ይቀራሉ። እነዚህ ብርሃን ይውጣሉ፤ በተለይ ሰማያዊውን። ስለዚህ ሌንሱ ቢጫ፣ ሲብስም ቡናማ ይሆናል። የኩራዝ ጭስ የጠጣ ብርጭቆ ይመስላል፤ ግን በጨርቅ አይወለወልም፣ ነገሩ ያለው ውስጡ ነዋ! ዝቅ ብለው ለሚዞሩት ጉዳቱ ቀስ በቀስ፣ በዓመታት የሚጠራቀም ነው።

ለእኛ ምናችን ነው? የሚል ይኖራል። ሳተላይት የሰብልን ጤና የሚለየው ቀዩን ብርሃንና ዓይናችን የማያየውን ኢንፍራሬድ በማነጻጸር ነው። ጤነኛ ቅጠል ቀዩን ይውጣል፣ ኢንፍራሬዱን ይመልሳል። ሌንሱ ራሱ ቀዩን አብልጦ ከዋጠ ግን የጠወለገው ማሳ የለመለመ መስሎ ይቀርባል። የሀደሮ ዝንጅብል በበሽታ እየደረቀ ፎቶው «ደህና ነው» ቢልስ? ገበሬው ዘሩን ከስሮ ከተቀመጠ በኋላ ነው የሚደረስለት።

መላው ብዙ ነው። ሴሪየም የተባለ ንጥረ ነገር የተቀላቀለበት መስተዋት ይሠራል፤ ሴሪየሙ የተፈናቀሉትን ኤሌክትሮኖች እየተቀበለ ከማጥቆር ያድናል። ከመነሻው ትንሽ ቢጫ ይላል እንጂ እንደዚያው ይቆያል። በጣም የጠራ ሲሊካም ጨረርን ይችላል። ማሞቅም የተያዙትን ኤሌክትሮኖች ስለሚፈታ ቀለሙ ይለቃል።

ከሁሉ የጣመን ግን ይሄ ነው፦ ባለሙያዎቹ ሳተላይቱን በየጊዜው አሸዋማ በረሃን ወይም ጨረቃን ፎቶ ያስነሡታል። የእነሱ ብርሃን ምን ያህል እንደሆነ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ፎቶው ደብዝዞ ከመጣ ያረጀው ሌንሱ ወይም ካሜራው ነው ማለት ነው። ከዚያ ልዩነቱን በስሌት ያርሙታል። የሀደሮው ልጅ ይህን ሲሰማ፣ «እንግዲያው ጨረቃ ሚዛናቸው ነች በሉኛ!» አለ።